የዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ለምን ተቋረጠ

ውድ ሚጡዬ፣

ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን መልእክት ካፌው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። «እታለም፣ እዚህ ላሉት ጓደኞቼ ሁሉ ስለ አንቺ ነገርኳቸው። ያቺ ደብዳቤሽ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር» ብለሻል። ካነበብኩት ጀምሮ እህል አልዋጥልኝ ብሏል። ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። እውነቱ ያለው በዚህኛው ነው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሰንፌ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። አባባ አልጋ ሲይዝ ከሁለታችን አንዳችን መሥራት ነበረብን። ታላቅ እኔ ነኝና እኔ ወጣሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ዕለት ከእማማ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እልልታዬ የውሸት አልነበረም። ግን ከዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ባለ ካፌ አስተናጋጅ መሆን ምን እንደሚመስል አስበሽው ታውቂያለሽ? እኩዮቼም ከእኔ የሚያንሱትም ላፕቶፓቸውን ተሸክመው ይገባሉ፣ አንድ ሻይ ያዝዙና ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ስሜን የሚጠይቀኝ የለም። የሚጠይቁኝ የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው።

ከዚያ አንቺም መምጣት ጀመርሽ። «ዶርም ውስጥ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል» ብለሽ ሶኬቱ አጠገብ ያለችውን የጥግ ጠረጴዛ ያዝሽ። ባለቤቱ እንዳያስነሳሽ፣ ያዘዝሽ እንዲመስል ባዶ ስኒ አስቀምጥልሽ ነበር። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። እየቆየ ግን ጣቶችሽ ኪቦርዱ ላይ ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር የራሴን ጣቶች ማየት ጀመርኩ። የኔ እጅ በሳሙና ተላልጧል፤ ያንቺ ጥፍር ቀለም ተቀብቷል።

አንድ ቀን ከሒሳብ መምህርሽ ጋር ተቀምጣችሁ ረጅም ስሌት ትሠሩ ነበር። ማኪያቶ ሳቀርብላችሁ ወረቀቱን አየሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቷን ረስተሻታል።

«ሚጡ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አልኩሽ።

መምህሩ ቀና ብሎ አየኝና «እንዴ! አስተናጋጇም ሒሳብ ትችላለች?» ብሎ ሳቀ። ሰውየው ክፋት አልነበረውም። ግን አንቺም ሳቅሽ። «እህቴ ናት» አላልሽም። ትሪዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ለምን እንደሳቅሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም።

ላመለከትሽበት የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ የተቀጠርሽው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነበር። ነጭ ሸሚዜን ተውሰሽ ለብሰሽ መጣሽ። ያምርብሽ ነበር፤ ከእኔ ይበልጥ ያምርብሽ ነበር። «እታለም፣ ጸልዪልኝ» አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ። ኮምፒውተርሽ ላይ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። ፈገግ ብለሽ መናገር ጀመርሽ። እኔ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አልኩና የዋይፋዩን ገመድ ነቀልኩት።

እጄ ስቶኝ አይደለም ሚጡ። አውቄ ነው።

«ተቋረጠ! እታለም፣ ተቋረጠ!» ብለሽ ጮኽሽ። የስልክሽ ኢንተርኔት አልቆ ነበር። መንገድ ተሻግረሽ ማዶ ወዳለው ካፌ ሮጥሽ። የፈተና ሰሞን ስለነበር እዚያ መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም አልነበረም፤ ኔትወርኩም ከሰዉ ብዛት አልሠራ አለሽ። ስትመለሺ ገመዱን መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ሰዎቹ ግን ሄደዋል። ባንኮኒውን ዞረሽ መጣሽና አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። «ምን በደልኩ እታለም? ምን አጠፋሁ?» እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ጀርባሽን እያሻሸሁ «የመስመሩ ነገር ነው፣ ምን ይደረግ» አልኩሽ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም።

በማግስቱ እየሮጥሽ መጣሽ። «ኢንተርኔቱ መቋረጡን ካፌው በደብዳቤ ካረጋገጠልሽ ሌላ ቀን እንሰጥሻለን ብለውኛል፤ በናትሽ ጻፊልኝ!» ባለቤቱም «አንቺው ጻፊውና ማኅተም አድርጊበት» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እምቢ ለማለት ሰበብ አላጣም ነበር። አንቺ በብርጭቆው በር ማዶ ጥፍርሽን እየበላሽ ትጠብቂኛለሽ። ልጅ ሆነሽ ስትፈሪ እንደምታደርጊው ነበር። ያኔ አላስቻለኝም። «ኢንተርኔቱ በካፌው ስህተት ተቋርጧል፤ አመልካቿ ምንም ጥፋት የለባትም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ያልጻፍኩት የማን እጅ እንደነቀለው ብቻ ነው። እንግዲህ ለጓደኞችሽ የምታወሪላቸው ስለዚያ ወረቀት ነው።

አልፈሽ ሄድሽ። ስሸኝሽ ካነባሁት እንባ ግማሹ የናፍቆት፣ ግማሹ የቅናት ነበር። ባለፈው በረዶ ላይ ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ አይቼ «ታምሪያለሽ!» ብዬ ጻፍኩልሽና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ይቅርታ ስጠይቅሽ «ቅናቱ ለቆኛል» ብዬ ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ይህን አንብበሽ ስልኬን ባታነሺ አልፈርድብሽም። ለእማማ ብትነግሪያትም መብትሽ ነው። እኔ ግን አንድ ቃል ልግባልሽ። ከእንግዲህ ስቀናብሽ በጓሮ በር አልመጣብሽም፤ ደውዬ «ሚጡ፣ ዛሬ ቀናሁብሽ» እልሻለሁ። ስቀሽም ሆነ ተቆጥተሽ ትሰሚኛለሽ።

እንዲያውም ከዛሬ ልጀምር፦ ዛሬም ቀንቼብሻለሁ። ደግሞም ናፍቀሽኛል።

ታላቅ እህትሽ