የታጠቡት ሴሎች

ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ አመሉን ያልለቀቀው የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ነው።

ላቦራቶሪያችን ሥራ በዝቶበታል። ሴሎች ከውጭ ብዙ ነገር የሚያስገቡት ፕሮቲን በለበሱ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። አባዬን ከቀበርን ወዲህ እማዬ የምትወስደውን ያን ማረጋጊያ መድኃኒት ሴሎቹ ላይ ጠብ ስናደርግ፣ ፕሮቲኑ ከሴሉ ደጃፍ ይሸሻል፤ ከረጢቶቹም መሠራታቸውን ያቆማሉ። እማዬም እኮ እንደዚያው ሆና ነበር፤ ብታወራት፣ ብታስቃት፣ ወይ ፍንክች! መድኃኒቱን አጥበን ስናስወግድላቸው ግን ሴሎቹ ምንም እንዳልሆነ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ስለዚህ እማዬንም ከክኒኑ አሳረፍኳት። አሁን ብታያት! ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። ሐኪሟ ከደወለልህ ደህና ናት በለው፤ እኔ ስልኩን አላነሣሁለትም።

እራት ቀርቧል፣ እዚህ ላይ ልቁም። ሳህኖቹን እማዬ ራሷ ደርድራለች፤ ለእኔ፣ ለእሷ፣ ለአባዬ። «በሩን እንዳትቆልፊ፣ እየመጣ ነው» አለችኝ። አልቆለፍኩም።

በል ደህና ሁንልኝ። ፈቃድ ካገኘህ ብቅ በል፤ ለክፉ አይደለም።

እህትህ