አሥር የሩዝ ቅጠሎች

ፓያራ ወንዝ ዳር፣ አሽዊን ወር 12 ቀን

ለተከበርሽው የሸፋሊ እናት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የልጃችን የሸፋሊ ሕፃን ጥርስ አበቀለ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ዳክዬዎቹም ደህና ናቸው፤ ሲመሽ ግን በሩ ላይ ቆመው አንቺን ይጠብቃሉ እንጂ እኔ ስጠራቸው አይገቡም።

ወደ ዳካ ከሄድሽ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። በሄድሽ ማግስት ዩሪያውን በተንኩት። ወዲያው ትልቁ የባሕር ሙላት በወንዙ መጥቶ ማሳው ውስጥ ገባና ጠርጎት ወጣ። ጎረቤታችን ሞክሌስ ከታችኛው ማሳው ሆኖ፣ «ማስተር! እርስዎ በተኑ፣ የኔ ሩዝ በላ። የከርሞውንም አደራ!» አለኝ።

አንቺ ቅጠሉን ከቀለም ሰሌዳው ጋር አስተያይተሽ፣ «አራተኛው አረንጓዴ ነው፤ ሩዙ አልራበውም፤ ሙላቱም ቀርቧል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ርቦታል ብዬ ደብተሩ ላይ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። «ዓይንሽ አርጅቷል» አልኩሽ፤ ያውም ሠራተኞቹ እየሰሙ።

ትናንት ሰሌዳውን ይዤ ወረድኩ። እንደ ደንቡ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ ቅጠሉን በጥላዬ ውስጥ ያዝኩት። ሦስተኛውና አራተኛው ቀለም አንድ ሆኑብኝ። ሞክሌስ ቀረብ ብሎ፣ «ማስተር፣ ሰሌዳውን እኮ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«እኔ ልይልዎት?»

እምቢ አልኩት። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ከተከላ እስከ ፍሬ ቀለሙን የሚያነበው አንድ ሰው ነው።

ቤት ገብቼ ሦስቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ አጠገቡ አራት ብዬ ስምሽን ጻፍኩበት። አርባ ዓመት የተማሪ ስህተት ስሰርዝ ኖሬ የራሴን ስሰርዝ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ውሃው ዝቅ ብሏል። ቀጣዩ ትልቅ ሙላት ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሩዙ ርቦት ዩሪያ ብነፍገው ፍሬው ገለባ ይሆናል፤ ጠግቦ ሳለ ብጨምርለት አገዳው ይጋደማል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ልጁ ገና ጨቅላ ነውና ተመለሽ አልልሽም። የሐሙሷ የዳካ ጀልባ ግን ሰሞኑን ሳትዘገይ ጠዋት ትደርሳለች፤ ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ፖስታው ውስጥ ከማሳው አሥር ቦታ የቀጠፍኳቸው አሥር ቅጠሎች አሉ። እስኪደርሱሽ ቀለማቸው ይጠፋል፤ ለንባብ እንደማይሆኑም አውቃለሁ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዓይንሽንም ይጠብቅልኝ።

የሸፋሊ አባት፣
ሰከንደር