ጠበበ እንጂ አልተደፈነም

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ አባባ ሊያሳብደኝ ከመድረሱ በቀር ደህና ነኝ።

ሐኪሙ «የልብህ ቫልቭ ላይ ስቴኖሲስ አለ» ብሎት፣ ቃሉ ከግሪክ እንደመጣና «ስቴኖስ» ማለት ጠባብ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ አስረዳው። ምነው ዝም ባለው! አርባ ዓመት ቧንቧ የጠገነ ሰው ስለ ቫልቭ ማንን ይሰማል? «ግሪኮቹ ራሳቸው ጠበበ አሉ እንጂ ተደፈነ አላሉም። ጠባብ ቧንቧ ቀስ ብሎ ያደርሳል» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስተምር ይውላል። የቀዶ ሕክምናውን የቀጠሮ ወረቀት አጣጥፎ፣ የሚወላገደው የሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ወሽቆታል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሰው ቤት ቧንቧ አይደለም» ብለው፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ቫልቭ ፈትተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ቱግ አልኩ፤ እሱ እቴ!

ትናንት ሦስተኛ ፎቅ የሚያፈስ ቧንቧ ሊቀይር ሄደ። ብቻውን አልለቀውም ብዬ መፍቻውን ይዤ ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ሦስቴ ቆመና ጎንበስ ብሎ፣ «የጫማዬ ክር ተፈታ፤ አንቺ ቅደሚ» አለኝ። እኔም ቀደምኩ።

በል፣ ሰላምህ ይብዛልኝ። የላክህለት ክር የሌለው ጫማ ልክክ ብሎለታል፤ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ሌላ ጫማ አላደረገም።

እህትህ