ስለ ጠፋችው «ሥነ» እና ሳትሄድ ስለ ቀረችው ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የውጭ አገር ጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በአውሮፕላኑ መቀመጫ ምክንያት የተነሣብዎ የወገብ ሕመም ተሽሎዎት፣ የኮሚቴው አባላትም የመንገዱ ድካም ወጥቶላቸው እንደሚሆን ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችዎ የአንዷ አባት ስሆን፣ በማተሚያ ቤት አራሚነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ስለምውል ነገር የማካብድ ከመሰለዎ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነና እንዳይምታታብዎ ስለሰጋሁ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የተለጠፈው ወረቀት «የሥነ ጥበብና የባህል ጉዞ» ይል ነበር። ልጄ ያን ቀን ቦርሳዋን ሳታወርድ ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ ገብታ ነው ያበሠረችን። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲነሣ ግን «ሥነ» የምትባለው ትንሽ ቃል የት እንደወደቀች ሳይታወቅ ጉዞው «የጥበብና የባህል ጉዞ» ሆኖ ወጣ። ጥበብ ከሆነ ለጥበበኞች ነው ተባለና በሒሳብና በፊዚክስ ከፊት የወጡት ተማሪዎች ተመረጡ። እኔ አንዲት ፊደል ሳትታረም ባሳልፍ አለቃዬ ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ እርስዎ ግን ሙሉ ቃል ጥለው፣ ሥዕል ሊያዩ የሚሄዱትን ልጆች በሒሳብ ውጤት የመረጡበት እርጋታ ያስቀናል። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎም ልጄ ከክፍሏ በሒሳብ ሃያ ሦስተኛ መሆኗን አስረድተውኝ፣ ሥዕሏን ግን በርትታ እንድትቀጥል መክረው፣ እስከ በሩ ድረስ በጨዋ ደንብ ሸኝተውኛል። የሄዱት ልጆች ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

፪ኛ፦ የሥዕል መምህሩን ስላሳረፉልን እናመሰግናለን። የትኛው ቀን የትኛው ሙዚየም እንደሚጎበኝ፣ ልጆቹ የትኛው ሥዕል ፊት ተቀምጠው እንደሚነድፉ አስቦ ጉዞውን ከጥንስሱ ያቀደው እሱ ነበር። በእሱ ቦታ የንብረት ክፍል ኃላፊውና የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ሄደዋል። የጠፋችው «ሥነ» እኚህ ሁለተኛው ሰው ዘንድ ተጠግታ እንደሆነ ቢጠይቁልኝ ውለታዎ ነው። መምህሩ ግን አላረፈም፤ እናንተ እስክትመለሱ አብረዋችሁ የተጓዙትን መምህራን ክፍለ ጊዜ ሁሉ፣ ስፖርቱን ጨምሮ፣ ሲሸፍን ሰንብቷል።

፫ኛ፦ ልጄ ባትሄድም ሥዕሏ እንዲሄድ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተማሪዎች ከትምህርት ሲለቀቁ በሩ ላይ ሲጋፉ የሚያሳየውን፣ አንዱ ልጅ ብቻ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይበትን ሥዕል፣ ከኮሪደሩ ግድግዳ አውርዳችሁ እዚያ ውጭ አገር ላስተናገዳችሁ ትምህርት ቤት በስጦታ አበርክታችኋል። እሷ ባዶውን ሚስማር ያየችው ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ስትገባ ነው። አብሯችሁ የሄደው የጎረቤታችን ልጅ እንደነገራት፣ እዚያ ያሉት መምህራን ሥዕሉ ፊት ቆመው የሳለው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ እርስዎ «የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ የጋራ ጥረት ውጤት ነው» ብለው መልሰዋል። እኔም የማኅበረሰቡ አባል እንደመሆኔ የጥረቱ ተካፋይ ነኝ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ክብር ይበዛብኛል።

ለቀጣዩ ነገር ቁጥር አልሰጠውም፤ እዚህ ጋ ቀልዱም አልቆብኛል። ልጄ ቀለሞቿንና ብሩሾቿን በጫማ ካርቶን ከትታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠቻቸው። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «አባዬ፣ ሥዕል ለማየት መጀመሪያ ሒሳብ ማወቅ አለብኝ» አለችኝ። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር፤ አምናበት ነው የተናገረችው። ድሮ እራት ላይ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ከፈሰሰ በጣቷ ፊት ትስልበት ነበር፤ እናቷም ተይ እያለች ትቆጣት ነበር። አሁን ውሃው ሲፈስ እናቷ ጨርቁን ይዛ ትጠብቃለች፣ ልጅቱ ግን እጇን አታነሣም። እኛም እንጠርገዋለን። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ፤ ይህ ነገር በዚሁ እንዳይቀር ፈርቻለሁ።

ሥዕሉን መልሱ አልልም፤ ስጦታ አይመለስም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቀን ክፍሏ ገብተው፣ በጓደኞቿ ፊት፣ ያንን ሥዕል የሳለችው እሷ መሆኗን በአንደበትዎ ይናገሩላት። ሥራ ስለሚበዛብዎ ቃሉን አሳጥሬልዎታለሁ፦ «እሷ ናት»። ከዚህ ሐረግ አንድ ቃል እንኳ እንዳይወድቅ አደራ።

ቃል በመጣል ረገድ የደረሱበትን ደረጃ ከልብ የማደንቅ፣ በሚቀጥለው ጉዞም ወገብዎን እንዳያምዎ የምመኝ፣
አክባሪዎ፣
የሃያ ሦስተኛዋ ተማሪ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላርም ረቂቁን ሳነሣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ተስሎበት አገኘሁት። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ኮሚቴ ነው፤ የወንበሩ እግር፣ የኮታችሁ መጨማደድ፣ የእርስዎም ማጅራት ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፤ ሁላችሁም ግን የተሳላችሁት ከጀርባ ነው። ልጄን ፊታቸውስ ብላት፣ «ወደ እኔ ዞረው ስለማያውቁ ምን እንደሚመስል አላውቀውም» አለችኝ። እንደ ልማዴ እርሳሴን አንሥቼ ስህተት ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም።