እማማ ሉዋን የቆረጡት እባብ

በናጋሳኪ መርከብ ለሚበይደው ታናሽ ወንድሜ ለቡንጊ ይድረስ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? የብየዳው ብልጭታ የጎዳው ዓይንህ ዳነልህ ወይ? ሆድህስ ከማዶው ምግብ ጋር ታረቀ? ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ ዞሬ «ይኼ ልጅ ምን በልቶ ይሆን?» እላለሁ። እኛ ደህና ነን። አባታችን ጉልበቱን እየረገመ መረቡን ይጠግናል። እናታችን አንተና ሳዮኮ በአሥረኛው ወር እንደምትጋቡ ከሰማች ወዲህ ቀዩን የሠርግ ጨርቅ እያወጣች ትዳስሳለች።

እባብ ቆራጯ፣ በገላ ላይ ተደርድሮ የሚወጣውን የቆዳ እባብ የሚሉትን ሽፍታ የሚያክሙት እማማ ሉዋን፣ በስድስተኛው ወር አረፉ። ሰባተኛው ወር ገብቶ የሙታን በር ሲከፈት፣ ሰፈሩ «ቆራጯ ሲሞቱ የቆረጧቸው እባቦች ወደየባለቤታቸው ይመለሳሉ» ማለት ጀመረ። ዓሣ ሻጯ ጎረቤታችን ጀርባዋን እያከከች ስትምል እኔ ሳቅኩባት። የሳቅኩበት ደረሰብኝ።

አፌን ሞልቼ ልንገርህ፣ አንተም እንዳታፍር። ባለፈው ክረምት ከወገቤ በታች፣ ለእናታችን እንኳ በማላሳየው ቦታ፣ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ተደርድረው ወጡብኝ። የቆዳ እባብ ነው ብዬ እማማ ሉዋን ዘንድ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ዘጉት። የሩዝ አረቄ በአፋቸው እፍ አሉብኝ፤ ቁስሉን በጥቁር ቀለም ከበቡት፤ ቢላውን ሳያስነኩ ከላይ ከላይ አሳለፉበት። «ሞቷል» አሉኝ። «ስሙን ግን ለማንም እንዳትጠሪ፣ ለምታገቢውም ቢሆን! የጠራሽው ዕለት ይነቃል።» ቁስሉ ደረቀ። ቀለሙ ግን ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ ብሎኝ ሰነበተ።

በዚህ ወር፣ ለባዘኑ ሙታን በራችን ላይ ማዕድ ስናሰናዳ፣ ዳክዬውን እንደያዝኩ ያው ቦታ ነዘረኝ። ከቆዳዬ ሥር አንድ ነገር ቀስ እያለ ሄደ። ፀጉሬ ቆመ። በማግስቱ ቁስሎቹ እዚያው ቦታ፣ እንደ ድሮው ተደርድረው ጠበቁኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ወደቡ ላይ የተጠመጠመውን የጀልባ ገመድ ማየት አቃተኝ።

መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ከቁስሉ ናሙና ወስዳ መረመረች። «ይኼ የቆዳ እባብ የምትሉት አይደለም፣ የእሱ ዘመድ ነው፤ የብልት ሄርፒስ ይባላል» አለችኝ። «ቢላው ባይኖርም በራሱ ይደርቅ ነበር። አልሞተም። አከርካሪሽ አጠገብ፣ ነርቩ ሥር ተኝቶ ነበር።» እንግዲያው ሲተኛ አይናደፍማ፣ አልኳት። «አይ እህቴ! ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ሳለም ሹልክ ብሎ የሚወጣበት ቀን አለ። ብዙ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚያስተላልፈው።» ከእማማ ሉዋን እባብ ይልቅ ይኼኛው አስፈራኝ። በፎጣና በመቀመጫ አይተላለፍም፤ ገላ ከገላ ሲነካካ ነው። መንዘር ከጀመረበት ቁስሉ እስኪድን አብሮ አለመተኛት፣ በሌላው ጊዜ ኮንዶም፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒንም አለ። ሁሉም ይቀንሱታል እንጂ በሩን ጨርሰው አይዘጉትም። «እጮኛሽ ማወቅ አለበት» ብላ ሸኘችኝ።

እጮኛዬን፣ የበረዶ ፋብሪካውን ኪምሲንን ታውቀው የለ? የወደቡ የድንጋይ ግድብ ላይ አስቀምጬ በቀን ብርሃን ነገርኩት። ቀለበቱን ባሕር ይወረውረዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ አመድ መሰለ። «ላንቺም በጥቁር ቀለም ከበቡልሽ?» አለኝ። እኔን ከማወቁ በፊት፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቤት ተቆርጦለት ኖሯል! አትናገር ተብሎ አልተናገረም። አልዋሽህም፣ ተናድጄ ልገፈትረው ነበር። ግን ማን ለማን እንደሰጠ ሐኪሟም መናገር አትችልም። ጎን ለጎን ስንቀመጥ፣ በመካከላችን ሌላ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። በኋላ እሱ «እንግዲህ ሦስት ሆነን ልንኖር ነው» አለ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። የኛም ሠርግ አልቀረም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ወደ ናጋሳኪ ልትሄድ ባልክበት ሰሞን ከእማማ ሉዋን በር አረቄ አረቄ እየሸተትክ ስትወጣ አይቼሃለሁ። «ጀርባዬ ላይ ነው» አልከኝ። ቡንጊዬ፣ ጀርባው የታመመ ሰው እግሩን ፈርከክ አድርጎ አይራመድም። ያኔ ስቄብህ ነበር፤ ዛሬ እንቅልፍ ነሳኝ። ምናለ ተሳስቼ በሆነ! ሐኪም አማክር። ያው በሽታ ከሆነም ለሳዮኮ ከሠርጉ በፊት፣ በብርሃን፣ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ንገራት። መምረጥ የእሷ ነው። ነገ ስታረግዝም ሐኪሟ ማወቅ አለበት፣ ለሕፃን ክፉ ነው። ስሙ ሲጠራ ይነቃል ብለውን ነበር። እኔ ግን ጠራሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ከሰው ወደ ሰው የተሻገረው ሁላችን ዝም ባልንበት ጊዜ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እናታችን ብርድ እንዳይመታህ ትላለች። አባታችን ሰላም ብሎሃል፤ መረቡ ሲያልቅ ራሱ ይጽፍልሃል። ኪምሲን «ወንድሜን በርታ በይልኝ» ብሏል፤ እንዲህ ያለውን መናገር እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። ለሳዮኮ እናትና ለምትመግብህ የቤት አከራይህ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ለሳዮኮ ግን ሰላምታዬን አሁን አታድርስ። ከነገርካት በኋላ፣ አጠገብህ ከቆየች፣ ያኔ «እህቴ ብላ ሰላም ትልሻለች» በላት።

እህትህ ሲዮክቢን
ዶንግጋንግ ወደብ፣ የሙታን በር ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በሰባተኛው ወር በሃያ ስድስተኛው ቀን