ሻይ የተከልኩበት ማሳ

ግንቦት 3 ቀን 1958፣ ቡሬ
አውቶቡሱ ዘገየ። ሻይ ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። ዘግቼ ወደ ማሳዬ ወረድኩ። ሾፌሩ ዳኘው ከጎሬ ባመጣልኝ ፍሬ የተከልኩት ሻይ ወገቤ ደርሷል። ከሱቅ የምገዛው ቅጠል ባሕር አቋርጦ ከሰው አገር ነው የሚመጣ... የራሴን ባፈላስ? ለቀምኩና እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ግንቦት 8
ወቅጬ አፈላሁት። ድርቆሽ ድርቆሽ አለ! ወንድሜ ክንዱ ደንበኛ ፊት ተፋው።
"ነቅለሽ ጣይው። በርበሬ ልተክልበት ነው።"
"መሬቱ የኔ ድርሻ ነው። አባባ ናቸው የሰጡኝ።"
"ታዲያ ያገር ተክል አትተክይበትም? ይሄ መጤ ነው።"
"በርበሬውስ?" አልኩት። አስተማሪው ተስፋው ነግሮኛል፤ በርበሬም ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው።
"በርበሬማ የቡሬ ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። የቤቱ ምሰሶ ባሕር ዛፍ... እሱስ ከየት መጣ? ለመጣው ሁሉ መሬት ሰጥቶ ለእህቱ ብቻ ይነፍጋል? ተናድጃለሁ።

ግንቦት 15
አልነቅልም።

ግንቦት 19
ክንዱ በማለዳ በሬ ጠምዶ ማሳዬ ገባ። ጥቂቱን ቁጥቋጦ ገነደሰው። ሮጬ በሬዎቹ ፊት ቆምኩ።
"በጃንሆይ አምላክ! እንዳታርስ!"
በዚህ ስም የተያዘ ሰው ነገሩ ሳይዳኝ ፈቀቅ አይልም። ጅራፉ እጁ ላይ ቀረ።
"በገዛ ወንድምሽ ላይ?" አለኝ።
ሞፈሩን ፈቶ እስኪወጣ ከዚያ አልተነሳሁም።

ግንቦት 26
ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን ቄስ ይርሳው መጀመሪያ ሻዬን ቀመሱ። ፊታቸውን አጨማደዱ።
"ልጄ፣ ይሄስ አይጠጣም።"
ክንዱ ፈገግ አለ። ወደ እሱ ዞሩ። "ለመሆኑ ማሳው ድርሻዋ ነው፣ አይደለም?"
መሬት መሬት አየ። "ነው፣ አባ።"
"እንግዲያው እሾህም ትትከልበት።"
አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ሰኔ 4
የክንዱ ሚስት ተናኜ መጣች። ስድብ ነበር የጠበቅኩት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።
"እትዬ፣ ደምበጫ ያባቴን ድርሻ ወንድሜ ነው የሚያርሰው። ዘንድሮ ላስቆመው ነው። ትመጭልኛለሽ?"
"ክንዱስ?"
"ነገርኩት። አልከለከለኝም።"
ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን።