ትርንጎ ጓንግዡ እስክትወርድ

ሰኞ

ትኬቱ መጣ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ለሩዝ ሥልጠና ቻይና ልትሄድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጓንግዡ። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል! በመኪና ባሕር ዳር ስትሄድ እንኳ ገና መንገድ ላይ ሐሙሲት ስትደርስ የሚያስመልሳት ልጅ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ትኬቱን አገላበጡት። «አየር ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለች?» አሉኝ። እኩለ ሌሊት ተነሥታ በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ትደርሳለች ይላል። «አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል» አልኳቸው ፈጠን ብዬ። አስተማሪ አይደለሁ!

ማክሰኞ

ምነው አፌን በቆረጠው። አባባ ተስለዋል፤ ከተነሣችበት ሰዓት ጀምሮ መሬት እስክትረግጥ እህል ውኃ አይቀምሱም። ጨጓራቸውን የታመሙ ሰው! ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጥ ክኒን አላቸው፤ ረቡዕና ዓርብን እንኳ የንስሐ አባታቸው እንዲበሉ ፈቅደውላቸዋል። ለመንኳቸው።

«በቆሎ ተማሪነቴ ከአንበሳሜ እስከ ጣራ ገዳም በእግሬ ስሄድ፣ እናቴ እስክመለስ ድረስ ራሷን ቅቤ አልተቀባችም። እኔን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ያቅተኛል ልጀ?» አሉ። ቄስን በክርክር ማን ይረታል።

ረቡዕ

ትርንጎን ሸኘናት። በሶ ቋጠርኩላት። አባባ በመስቀላቸው ባረኳት፤ እሷ አለቀሰች፣ እሳቸው አላለቀሱም። ማታ በደንብ ይብሉ ብዬ ብለማመጥ ሁለት ጉርሻ ብቻ። ተናድጃለሁ። ለእሷም ለእሳቸውም እፈራለሁ።

ሐሙስ

ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። አባባ ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ፣ ሆዳቸውን በመዳፋቸው ሲጫኑ አየኋቸው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ! ደነገጥኩ፤ ምን ሆና ነው?

«ደርሻለሁ፤ ሻንጣዬንም ተቀብያለሁ» አለች።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እኮ!»

«እዚህ አሥር ሰዓት ሆኗል። ቻይና በአምስት ሰዓት ትቀድመናለች። ጂኦግራፊ አይደል እንዴ የምታስተምሪው?» ሳቀችብኝ።

ለካ ትኬቱ የመድረሻውን ሰዓት በዚያ አገር ሰዓት ነው የጻፈው። አየር ላይ የቆየችው አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አፈርኩ፤ ደስታዬ ግን በለጠ።

አባባ ቃሌ ቃል ነው ብለው እስከ ዘጠኝ ተኩል እንዳይቆዩ ሰጋሁ። ስነግራቸው ዳዊታቸውን አጠፉ። «መሬት እስክትረግጥ ነው ያልሁ። ረግጣለች። ተመስገን! አምጭ እስቲ የሚበላ።»

በሉ፣ ክኒናቸውንም ዋጡ። እጃቸውን እየታጠቡ «የተረፈኝን አምስት ሰዓት ግን ለመመለሻዋ ያዥልኝ» አሉ።

ዓርብ

አባባ ዛሬ ቁርሳቸውን በልተው ሲያበቁ የመመለሻ ትኬቷን ቅጂ አስወጡኝ። እኩለ ሌሊት ከጓንግዡ ትነሣና ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ አዲስ አበባ ትገባለች ይላል። በጣታቸው ቆጠሩ።

«አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ! ሲመለሱ ቁልቁለት ነው መሰል። እንግዲህ በተረፈኝ አምስት ላይ የምጨምረው ግማሽ ሰዓት ነው።»

እውነቱን፣ ሲመለሱም አሥር ሰዓት ተኩል መሆኑን፣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከፊታቸው ያለውን ባዶ ሳህን አየሁ።

«አዎ አባባ፣ ቁልቁለት ነው» አልኳቸው።